በአንኮበር በር የገቡ የኤደን እንግዶች

አንኮበር ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ በቀጥታ ወደ አፄ ምኒልክ ይሄዳል። ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚማሩትም፣ ለጉብኝት የሄደ ሰው ተራራው ላይ ቆሞ የሚሰማውም የእሳቸውን ታሪክ ነው። እኔ ግን በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ባገለገልኩባቸው ዓመታት ልቤን የሳበው የአያታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነበር። ይህም ከሙያዬ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዘመን ወደ ሸዋ የመጡ የውጭ ሰዎች ስለ ጠመንጃና ስለ ውል ብቻ ሳይሆን ስለ ዓይን ሕመም፣ ስለ ወባ፣ ስለ ኮሶም ጽፈዋል። ነርስ ሆኜ ሳነበው የማውቃቸውን በሽተኞች ያየሁ እየመሰለኝ መጽሐፉን አላስቀምጥ እላለሁ።

የዛሬው ወጌ ስለ ሁለት ከተሞች ነው። አንዷ የእኛዋ አንኮበር ናት። ሁለተኛዋ ከቀይ ባሕር ማዶ ያለችው የየመኗ ኤደን ናት። በ1830ዎቹ ዓ.ም. እነዚህ ሁለት ከተሞች ሰውና ስጦታ ተላልከዋል፤ ውልም ተፈራርመዋል። ማን ከማን ምን አገኘ የሚለው እስከ ዛሬ ያነጋግራል።

በመጀመሪያ ስለ ኤደን። እንግሊዞች በዚያ ጊዜ ሕንድን የሚገዙት በአንድ የንግድ ድርጅት፣ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በኩል ነበር። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ሲመጡ ከቦምቤይ እስከ ስዊዝ ድረስ መሐል መንገድ ላይ የድንጋይ ከሰል የሚጭኑበት ወደብ አስፈለጋቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1839 (በእኛ 1831 ዓ.ም.) ኤደንን በመድፍ ወጉና ያዙ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከነገሡ በኋላ እንግሊዝ የያዘችው የመጀመሪያው ግዛት ይኸው ነው ይባላል። አስተዳደሩም ከለንደን በቀጥታ ሳይሆን ከቦምቤይ ነበር። ሹሙ ካፒቴን ስታፎርድ ሄይንስ የሚባል የባሕር ኃይል መኮንን ሲሆን 15 ዓመት ያህል ከዚያች ድንጋያማ ከተማ ሳይነቃነቅ ገዝቷል። በየአቅጣጫው ወሬ አቀባዮች ነበሩት። የላህጅ ሱልጣን ከተማዋን ለማስመለስ ደጋግሞ ሲዘምትበት መክቶ መልሷል።

ሄይንስ ከባሕሩ ወዲህ ማዶም ዓይኑን ጥሎ ነበር። በ1840 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከታጁራ ሱልጣን ጋር ተዋውለው በባሕረ ሰላጤው ያሉትን የሙሻ ደሴቶች ገዙ። የተከፈለው ዋጋ 10 ጆንያ ሩዝ ነው። አሥር ጆንያ! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ራሴን እነቀንቃለሁ። ታጁራ ደግሞ የሸዋ ነጋዴ ወደ ባሕር የሚወጣባት በር ናት።

አሁን ወደ እኛው ደጋ እንመለስ። ጎንደር ላይ ነገሥታቱ ስም ብቻ ቀርቷቸው መሳፍንቱ አገሩን ተከፋፍለው በሚዋጉበት በዚያ ዘመን ሸዋ ለብቻዋ ቆማ ነበር። ራስ ወሰን ሰገድ ሲገደሉ ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ ገና የ18 ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ። በትምህርት ላይ ከነበሩበት ፈጥነው ወደ ቁንዲ ገስግሰው፣ ከሌሎቹ ወንድሞቻቸው ቀድመው መንበሩን ያዙ። ይህም በ1805 ዓ.ም. ነው። እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ 34 ዓመት ገዙ። ከአባቶቻቸው በተለየም «የሸዋ ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ ራሳቸው ወሰዱ።

መኖሪያቸው አንድ ቦታ ብቻ አልነበረም። አንኮበር አለች፤ ስሟም አንኮ ከምትባል ሴት «በር» የመጣ ነው ይባላል። ደብረ ብርሃን አለች፤ ዘርዓ ያዕቆብ ያቋቋሟት ጥንታዊት ከተማ። ከጫጫ አጠገብ ያለችውን አንጎለላን ደግሞ በ1830 እ.ኤ.አ. ገደማ ራሳቸው ቆርቁረዋታል። ንጉሡ እንደ ወቅቱና እንደ ዘመቻው በእነዚህ መካከል ይመላለሱ ነበር።

የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ማወቅ ከንጉሡ አይተናነስም። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚደንቁኝ እናታቸው ወይዘሮ ዘነበወርቅ ናቸው። (ዘነመወርቅ የሚሏቸውም አሉ።) ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው ሰፊ አገር በስማቸው ያስተዳድሩ ነበር። ሰላ ድንጋይን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ታቹን ማየት ራስ ያዞራል። ከዚያ አፋፍ ላይ ሆነው ሲፈርዱ፣ ግብር ሲያስገቡ፣ ልጃቸውን ሲመክሩ ኖረዋል። በ1842 እ.ኤ.አ. ከሸዋ ወጥቶ ወደ ሰሜን ሲሄድ የነበረው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ክራፕፍ እሳቸው ዘንድ አርፏል። የንጉሡ ባለቤት ወይዘሮ በዛብሽም የኋላውን ንጉሥ የኃይለ መለኮትንና የሰይፉን እናት በመሆን ብቻ የሚታወሱ አልነበሩም፤ በግቢው ነገር ቃላቸው የሚሰማ ሴት ነበሩ። ሴት አያቶቻችን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ «የእገሌ እናት፣ የእገሌ ሚስት» ተብለው የሚታለፉት ነገር ዘወትር ያናድደኛል።

ከወንዶቹ ደግሞ ወላስማ መሐመድ አሉ። ከጥንቱ የይፋት ገዢዎች ዘር የሚወለዱ ሙስሊም ባላባት ሲሆኑ ወደ ቆላው የሚወስደውን በር የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ከባሕር የሚመጣ ነጋዴም ሆነ እንግዳ መጀመሪያ ፋሬ ላይ በእሳቸው ሰዎች እጅ ይወድቃል። ክርስቲያኑ ንጉሥ የመንግሥቱን ዋና በር ለሙስሊም ባላባት አደራ መስጠታቸው ለዚያ ዘመን የውጭ ሰዎች ግራ የሚያጋባ ነበር። ለሰሜን ሸዋ ሰው ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ዓሊዩ አምባ ዓርብ ገበያ የቆመ ሰው ደገኛውና ቆለኛው፣ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው እንዴት እንደሚገበያይ አይቶታል። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን «አቶ» ዛሬ ለሁሉም ወንድ የሚሰጥ አልነበረም፤ የትልልቅ ሹማምንት መጠሪያ ነበር። የንጉሡ ዘበኞች አዛዥ አቶ ከተማ፣ የግምጃ ቤቱ ሹም አቶ ሠርተ ወልድ እየተባሉ በእንግዶቹ መጻሕፍት ውስጥ የሚነሱት በዚሁ ማዕረግ ነው።

ክራፕፍና ባልደረባው አይዘንበርግ ሸዋ የደረሱት በ1839 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤደን በተያዘችበት ዓመት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሮሼ ዴሪኩር የሚባል ፈረንሳዊም መጣ። ንጉሡ ሁሉንም ተቀበሏቸው። ሁሉንም የጠየቋቸው ግን ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ ጠመንጃ የሚሠራ ባለሙያ አላችሁ ወይ? መድኃኒትስ? ክራፕፍ ወንጌል ሊያስተምር መጥቶ መድኃኒት ሲያድል የዋለባቸው ቀናት ጥቂት አልነበሩም። ንጉሡ ራሳቸው አንድ ዓይናቸው ታሞ ጠፍቶባቸው ነበርና የሕመምን ነገር በገዛ አካላቸው ያውቁታል። በእኛ አካባቢ የዓይን ማዝ (ትራኮማ) እስከ ዛሬ ድረስ ስንቱን እንደሚያውር የማውቀው እኔ፣ አንድ ንጉሥ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ ሰው ሁሉ መድኃኒት ቢለምኑ አይገርመኝም።

በ1840 እ.ኤ.አ. በክራፕፍ አማካይነት ከንጉሡ ወደ እንግሊዞች የወዳጅነት ደብዳቤ ተላከ። ቦምቤይም መልሱን በሰው ላከችው። የተመረጠው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ነበር። መሐንዲስ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አዳኝ ነው። በደቡብ አፍሪካ አደን መጽሐፍ ጽፎ ስሙ ገንኗል። አብረውት ሐኪሙ ሩፐርት ኪርክ፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ዶክተር ሮት፣ ሠዓሊው ማርቲን በርናትስና ጥቂት ወታደሮች ነበሩ። ከታጁራ ተነሥተው በአሳል ሐይቅ ጨው፣ በአፋር በረሃ ሐሩር አቋርጠው አዋሽን ተሻገሩ። በአንድ ሌሊት ካረፉበት ሦስት ሰዎቻቸው ተኝተው ሳሉ ታርደው ተገኙ። እንዲህ ሆነው በሐምሌ ወር ሸዋ ደረሱ።

ደረሱ ማለት ግን ገቡ ማለት አልነበረም። ከንጉሡ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ታች ዓሊዩ አምባ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ከዓሊዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣውን አቀበት የማታውቁት እንደሆነ ልንገራችሁ። ምጥ የጠናባትን እናት በቃሬዛ ተሸክመው በዚያ አቀበት ሲያመጡልን ተሸካሚዎቹ ከታማሚዋ ብሰው ይደርሱ ነበር። ሃሪስ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ተራራውን ሲያይ ይህ ቦታ በመድፍ እንደ ኤደን በአንድ ቀን የሚያዝ እንዳልሆነ መሐንዲስነቱ ነግሮት መሆን አለበት።

በመጨረሻ በነሐሴ ወር መሐል ወንዝ ላይ ንጉሡ ተቀበሏቸው። እንግሊዞቹ መድፍ ተኮሱ፤ ስጦታቸውንም ዘረጉ። የካሽሚር ሻል፣ የሙዚቃ ሰዓት፣ ሌላም ሌላም። ንጉሡንና መኳንንቱን ያስደሰተው ግን 300 ያህሉ ባለ ሳንጃ ጠመንጃና መድፉ ነበር። ሃሪስ ይህን ቀን ሲጽፍ ሸዋን በአንድ ቀን በስጦታ የገዛት ይመስላል። የእኔ ንባብ የተለየ ነው። ንጉሡ ለማንም ምንም ከመስጠታቸው በፊት የፈለጉት መሣሪያ እጃቸው ገብቷል። ማን ማንን እንደገዛ አስቡት።

ውሉ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1841 (ኅዳር 1834 ዓ.ም.) ነው። 16 አንቀጾች አሉት። የእንግሊዝ ነጋዴ በሸዋ ሲሞት ንብረቱ እንዳይወረስ፣ እንግዳ በነፃነት እንዲገባና እንዲወጣ፣ ገበያውም እንዳይከለከል ይላል። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ የታወቀ ነው፤ ወደ ሸዋ መግባት በንጉሡ ፈቃድ ነው፤ መውጣት ደግሞ የባሰ ፈቃድ ይፈልጋል። እጀ ብልኅ የሆነ እንግዳ ሚስት አግብቶ፣ መሬት ተሰጥቶት፣ እዚያው ልጅ ወልዶ ይቀራል። ይህ የሸዋ ነገሥታት ብቻ አልነበረም፤ በዐፄዎቹ ዘመንም ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ እንዲሁ ገብቶ ነው የቀረው።

ወረቀቱ ይህን ልማድ ለወጠው? ፍርዱን ከሆነው ነገር እንውሰድ። ውሉ ከተፈረመ ወራት ሳይቆይ ክራፕፍ ከአገር የሚመጣ ሙሽራውን ሮዚናን ለመቀበል በሰሜን በኩል ወጣ። ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ የተባለ ባላባት ያለውን ሁሉ ዘረፈው። አግብቶ በታጁራ በኩል ሊመለስ ሲሞክር ደግሞ ንጉሡ «አትገባም» አሉ። ውሉን ካዋለዱት ሰዎች ዋነኛው ነበር፤ በሩ ተዘጋበት። ክራፕፍም ወደ ሞምባሳ ወረደ፤ ሮዚና በ1844 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተችበት። እሱም ቆይቶ በ1849 እ.ኤ.አ. የኬንያን ተራራ አይቶ ለአውሮፓ የነገረ ሰው ሆነ። ሸዋ ባትዘጋበት ኖሮ ምናልባት ዕድሜውን ሰሜን ሸዋ ይጨርስ ነበር።

ንጉሡ ለእንግሊዝ በፈረሙበት እጅ ለፈረንሳይም ፈርመዋል። ሮሼ ዴሪኩር በሁለተኛ ጉዞው በ1843 እ.ኤ.አ. ከንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ ጋር ውል አዋውሎ ሄደ። ሁለቱ መንግሥታት በባሕር ላይ የሚቀናኑ ናቸው፤ የአንኮበሩ ንጉሥ ይህን ከእንግዶቹ ፊት አንብበውታል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ፈረንሳዊ ግን አንድ ነገር ላስታውስለት። ወደ አገሩ ሲመለስ የእኛን ኮሶ ይዞ ሄዶ በፓሪስና በለንደን ለሽያጭ አቀረበው። ያኔ በአውሮፓ የኮሶ ትል መድኃኒት ብርቅ ስለነበር ዋጋው ውድ ነበር። እኛ ጋ ጎረቤት ለጎረቤት በነፃ የሚሰጣጠው፣ በየሁለት ወሩ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ተብሎ ቤት የሚዋልበት አበባ በፋርማሲ በሚዛን ተሸጠ። ሳልዘነጋው ለእናቶች የሙያ ቃሌን ላክል። ኮሶ ሲበዛ ሆድ ከማጠቡ ሌላ ዓይንን እስከማጥፋት የሚደርስ ጉዳት አለው፤ ነፍሰ ጡርም ፈጽሞ አትንካው። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል እያለ አበባውን ለታሪክ እንተወው።

ሌላው የምወደው ሰው ቻርልስ ጆንስተን ነው። የመርከብ ሐኪም ሲሆን በ1842 እ.ኤ.አ. ያለ መንግሥት ተልእኮ በራሱ ፈቃድ መጣ። ከሃሪስ ጋር አልተስማማም፤ እንዲያውም ሃሪስን በመጽሐፉ ተችቶታል። ዓሊዩ አምባ ተቀምጦ ትኩሳት እየተመላለሰበት፣ እየተንቀጠቀጠና እያላበው ከረመ። በእኔ ግምት ወባ ነው፤ በአፋር ቆላ ያለፈ ሰው ሌላ ምን ሊይዘው? ግን ሃሪስ ስለ ንጉሡ ድንኳንና ስለ ሰልፉ ሲጽፍ ጆንስተን የጎረቤቶቹን ቤት ጻፈ። እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር፣ ጠጅ እንዴት እንደሚጣል፣ ሴቶቹ ጥጥ እንዴት እንደሚፈትሉ። ታሞ በተኛበት ጎረቤት እየመጣ ሲጠይቀው፣ ሲመግበው ይታያል። የአያቶቻችን ምድጃ ከ180 ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ፣ በ1844 እ.ኤ.አ. ከታተሙት ከሁለቱ መጻሕፍት የጆንስተኑን ይምረጥ።

እስካሁን የጻፍኩት ደስ የሚለውን ነው። የማይደላውንም መጻፍ አለብኝ። ከዓሊዩ አምባ ብዙም የማይርቀው አብዱል ረሱል የባሪያ ገበያ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተነዱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆችና ወጣት ሴቶች፣ በዚህ አልፈው ወደ ታጁራ፣ ከታጁራም ወደ ዓረብ አገር ይሻገሩ ነበር። ንጉሡም ከእያንዳንዱ ቀረጥ ይቀበላሉ። ሃሪስ ይህን በመጽሐፉ አውግዟል፤ በዚህስ አልጣላውም። ነገር ግን የላከው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ራሱ ምን ላይ ነበር? እንግሊዝ በ1833 እ.ኤ.አ. በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ስታወጣ የኩባንያውን ግዛቶች ከሕጉ ውጭ አድርጋቸው ነበር። ለሕንድ ሕግ የወጣው በ1843 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሃሪስ ሸዋን በለቀቀበት ዓመት። በ16ቱ አንቀጾች ውስጥ የነጋዴው ዕቃ ተጠብቋል። በአብዱል ረሱል የቆመችው የአሥር ዓመት ልጅ የለችበትም።

የጎንቾው እስር ቤትም አለ። ንጉሡ ሲነግሡ መንበራቸውን ሊቀናቀኑ የሚችሉ ወንድሞቻቸውን በወላስማ መሐመድ መኖሪያ በጎንቾ እንዲታሰሩ አድርገው ነበር። ያ የእኛው የቆየ የነገሥታት ልማድ ነው፤ ግሼንና ወኅኒ አምባን አስታውሱ። ሠላሳ ዓመት ያህል ታስረው ቆዩ። ንጉሡ ታመው በተነሡ ጊዜ ፈቷቸው። ሃሪስ ይህን በእሱ ምክር እንደሆነ አድርጎ ጽፎታል። እኔ ግን ሕመም ሰውን ምን እንደሚያደርግ በብዙ አልጋ አጠገብ ቆሜ ስላየሁ፣ ለምክሩ የሚሰጠውን ድርሻ ለትኩሳቱ እሰጣለሁ። ከመሞታቸው በፊት ይቅር ለመባባል ዘመድ የሚያስጠሩ ስንት ሰዎች አውቃለሁ! ታዲያ በሠላሳ ዓመት እስር የጠወለገ ሰው ብርሃን ላይ ሲወጣ ምን ይሆናል? ዓይኑ፣ አጥንቱ፣ ልቡ? ያን ጊዜ የንጉሡን ዕጢ የሚያዩ ሐኪሞች ነበሩ፤ የእነሱን ማን እንዳየላቸው እንጃ።

ንጉሡን በዚህ ሁሉ ጨካኝ ብቻ አድርጌ አልሥላቸውም። ረኃብ ሲገባ የመንግሥትን ጎተራ ከፍተው ሕዝቡን መግበዋል፤ ይህን የውጭዎቹም የእኛዎቹም ይመሰክሩላቸዋል። ጎተራ ያለው ብዙ ነው፤ በክፉ ቀን የሚከፍተው ግን ጥቂት ነው። በዚሁ ሚዛን ነው የምመዝናቸው፤ ወንድሞቹን ያሰረና ሕዝቡን ያበላ አንድ ሰው።

ሃሪስ በ1843 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሸዋን ለቆ ሄደ። መጽሐፉ ታተመ፤ እሱም የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው። ውሉ ግን ወረቀት ሆኖ ቀረ። የእንግሊዝ ነጋዴ ወደ አንኮበር አልመጣም፤ ቀጥሎ የተላከው ቆንስላ ፕላውደንም ሸዋን ትቶ በምጽዋ በኩል ወደ ራስ አሊ ሄደ። ሃሪስ በ1848 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ በትኩሳት ሞተ። የኤደኑ ሄይንስ ዕጣ ከዚህም የከፋ ነው። በ1854 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ሣጥን ገንዘብ ጎደለ ተብሎ ተከሰሰ። ሸንጎው ነፃ ቢለውም አሠሪዎቹ በዕዳ ቦምቤይ ላይ አሰሩት፤ ስድስት ዓመት። በ1860 እ.ኤ.አ. ሲፈታ በቀናት ውስጥ እዚያው ወደቡ ላይ ሞተ። ጎንቾን በመጽሐፍ ያወገዙ ሰዎች ለራሳቸው ሹም ያዘጋጁለት ጎንቾ ነበራቸው።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በጥቅምት 1840 ዓ.ም. ሲያርፉ በአንጎለላ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለደው የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ስምንት ዓመት ሳይቆይ አፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። በዚያው ወቅት ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ። የሃሪስ ጠመንጃና መድፍ ሸዋን አላዳናትም፤ ትንሹ ምኒልክ ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ።

የኤደንና የደጋው ነገር በዚህ አላበቃም። አፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሲዘገይባቸው የእንግሊዝን ቆንስላ አሰሩ። መልሱን ይዞ የተላከው ሆርሙዝድ ራሳም ማን ነበር? የኤደን ገዢ ረዳት። እሱም መቅደላ ታሰረ። እነሱን ለማስፈታት በ1868 እ.ኤ.አ. የመጣውን የናፒየርን ሠራዊት ያሰናዳችው ደግሞ ሃሪስን የላከችው ያችው ቦምቤይ ናት። በ27 ዓመት ውስጥ ከአንድ ወደብ መጀመሪያ የሙዚቃ ሰዓት የያዘ ካፒቴን መጣ፤ ኋላ ዝሆን የጫነ ጦር መጣ።

ምኒልክ በዚያ ጊዜ መቅደላ አልነበሩም። ከሦስት ዓመት በፊት አምልጠው አንኮበር ገብተው፣ የአያታቸውን መንበር ይዘው ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአያታቸው መንገድ የመጣ ሌላ እንግዳ ልቼ ላይ ተቀበሉ፤ ጣሊያናዊው ሽማግሌ ኦራዚዮ አንቲኖሪ። ከአንኮበር በታች ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ ሰጡት። ኋላ ሐኪም ትራቨርሲም እዚያ ተቀምጦ ታማሚ ያይ ነበር። አንቲኖሪ ወፍ እየሰበሰበ ስድስት ዓመት ያህል ሸዋ ኖረ። በ1882 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ሌት ማረፊያ ነው።